ስለ ወለል ሙቀትና ቅዝቃዜ፤ አዲስ ቤት ለሚሠራ ነጋዴ የሚሆን ትምህርት



በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች አዲስ ቤት የሚሠራው ሰው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ መሄዱ የታወቀ ነው። ቡናውን ወይም ሰሊጡን ሸጦ ጥቂት ገንዘብ የያዘ ነጋዴ ሁሉ በቅድሚያ የሚያስበው ለቤተሰቡ ደኅና ቤት ለማቆም ነው። የውጭ አገር የዕቃ ዝርዝሮችን የሚያገላብጡ ነጋዴዎችም በወለል ውስጥ ቧንቧ ዘርግቶ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ በማሳለፍ ቤትን ስለማሞቅና ስለማቀዝቀዝ ያነባሉ፤ ይህ ነገር ለእኛ አገር ይጠቅም እንደሆነም ይጠይቃሉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደተባለው፣ ገንዘብ ከመውጣቱና ዕቃ ከመታዘዙ በፊት የሥራውን ጠባይ ማወቅ ስለሚያስፈልግ የዚህ ሳምንት ትምህርታችን በዚሁ ጉዳይ ላይ ይሆናል።

ነገሩ የሚመለከተው ቤት ሠሪውን ብቻ እንዳልሆነም በቅድሚያ እንገልጻለን። ለመኖሪያ ቤት ወለል የሚሠራው የሙቀትና የእርጥበት ሕግ ለቡና መጋዘን ወለልም የሚሠራ ነውና፣ የመጨረሻው ክፍል ላኪውን ነጋዴ በቀጥታ ይመለከተዋል።

የአሠራሩ አመጣጥ

ወለልን ማሞቅ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የጥንት ሮማውያን የመታጠቢያ ቤቶቻቸውን ወለል በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ አንሥተው የእሳት ሙቀት ከሥሩ እንዲያልፍ ያደርጉ ነበር። የኮርያ ሰዎችም የማድቤቱን ጢስና ሙቀት ከድንጋይ ወለል በታች አሳልፈው በወለሉ ላይ የመቀመጥና የመተኛት የቆየ ልማድ አላቸው። በእኛም አገር ቢሆን ከጭቃ የተሠራው መደብ ቀን በምድጃው እሳት የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ እንደሚመልስ በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

በሲሚንቶ ወለል ውስጥ ቧንቧ የመቅበሩ አሠራር በሰፊው የታወቀው ግን በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ አውጪ ፍራንክ ሎይድ ራይት እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. በተፈጸመው የጄኮብስ ቤት ውስጥ በዚህ መንገድ ሠርቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በአሜሪካ ሌቪታውን በተባሉት ሰፈሮች እጅግ ብዙ ቤቶች የመዳብ ቧንቧ በወለላቸው ተቀብሮላቸው ተሠሩ። ከዓመታት በኋላ ግን ከእነዚህ ቧንቧዎች ብዙዎቹ እየበሱ ማንጠብጠብ ስለጀመሩ፣ ባለቤቶቹ ወለላቸውን ለመስበር ወይም ቧንቧውን ትተው ሌላ ማሞቂያ ለማስገባት ተገደዱ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የማይዝግ የፕላስቲክ ቧንቧ ስለተስፋፋ ችግሩ ቀንሷል። ቢሆንም ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አላረጀም፤ ይኸውም በሲሚንቶ የተቀበረ ነገር በኋላ የማይታረም ስለሆነ ማሰብ የሚገባው ከመቀበሩ በፊት ነው ማለት ነው።

ወለሉ ምን ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል?

ሞቃት ወለል ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፀሐይ እንደምታደርገው በጨረር ሲሆን፣ ሁለተኛው ወለሉን የሚነካውን አየር በማሞቅ ነው። ሁለቱ ተደምረው ወለሉ ከክፍሉ አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በበለጠ ቁጥር ከ1 ካሬ ሜትር 11 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። ሰው የሚቀመጥበት ወለል ከ29 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ግን እግርን ስለሚያስጨንቅ በዓለም የተለመደው ደንብ ከዚህ እንዳያልፍ ይከለክላል። የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ ቢሆንና ወለሉ እስከ 29 ዲግሪ ቢሞቅ ልዩነቱ 9 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከ1 ካሬ ሜትር የሚገኘው ከፍተኛው ሙቀት 100 ዋት ያህል ነው።

በማቀዝቀዝ ጊዜ ያለው ችሎታ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከታች ተኝቶ ስለሚቀር ለ1 ዲግሪ ልዩነት የሚገኘው 7 ዋት ብቻ ነው። ወለሉም እግር እንዳያደነዝዝ ከ19 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ ክፍሉ 26፣ ወለሉ 20 ዲግሪ ቢሆን ከ1 ካሬ ሜትር የሚነሣው ሙቀት 42 ዋት ብቻ ይሆናል።

የአገራችንን አየር መመልከት

በአንድ ቦታ የሠራ ነገር በሌላው እንደሚሠራ አድርጎ መገመት ትልቅ ስሕተት ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በዓመትም 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ሻምቡ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ብርዷ ይብሳል። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ መንገደኛ ግን የዴዴሳን ወንዝ በሚሻገርበት ቆላ ውስጥ ከፍታው ከ1,500 ሜትር በታች ስለሚወርድ ልብሱን ማውለቅ ይጀምራል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ማሞቅ የሚያስፈልገውም፣ ማቀዝቀዝ የሚያስፈልገውም፣ ሁለቱም የማያስፈልገውም አገር አለ።

በነቀምቴ ብርዱ ሁለት ዐይነት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ቤቱን ታሞቀዋለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ቅዝቃዜው ብርቱ ባይሆንም ቀኑን ሙሉ ደመናና እርጥበት ስለሚሆን ልብስም ግድግዳም አይደርቅም። የእነዚህ የሁለቱ ብርዶች መድኃኒት አንድ አይደለም፤ ይህንም ከዚህ በታች እናሳያለን።

የሒሳቡ ምሳሌ

አንድ ነጋዴ በነቀምቴ ወለሉ 100 ካሬ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው በብሎኬት፣ ጣራው በቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ በስስ ጣውላ የሆነ ቤት ሊሠራ አስቧል እንበል። የበጋው ሌሊት ውጭው 12 ዲግሪ ሲሆን ቤቱ 20 ዲግሪ እንዲሆን ቢፈልግ ልዩነቱ 8 ዲግሪ ነው። ለ1 ዲግሪ ልዩነት ከቤቱ የሚወጣው ሙቀት በግምት እንደሚከተለው ይሆናል፤

በጣራና በኮርኒስ 250 ዋት፤
በ97 ካሬ ሜትር ግድግዳ 195 ዋት፤
በ15 ካሬ ሜትር የብረት መስኮት 87 ዋት፤
በየቀዳዳው በሚገባና በሚወጣ አየር 72 ዋት፤
ወደ መሬት 50 ዋት።

ድምሩ 650 ዋት ያህል ነው። ይህ በ8 ሲባዛ 5,200 ዋት ይሆናል።

አሁን ባለቤቱ ከኮርኒሱ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙቀት የሚከለክል ንጣፍ ቢያነጥፍ፣ በጣራ የሚወጣው ሙቀት ከ250 ወደ 60 ዋት ይወርዳል። ጠቅላላውም 3,700 ዋት ያህል ብቻ ይሆናል። ይኸውም ምንም ቧንቧ፣ ምንም ፓምፕ፣ ምንም ኤሌክትሪክ ሳይጨመር ከጠፋው ሙቀት ሩብ በላይ ተረፈ ማለት ነው። ንጣፉ ከተገዛ በኋላ ወር በወር የሚጠይቀው ሒሳብ የለም፤ ቀን ደግሞ የቆርቆሮውን ትኩሳት ስለሚመልስ ለቆላውም ለደጋውም አገር ይጠቅማል።

የቀረው 3,700 ዋት ለ100 ካሬ ሜትር ሲካፈል ለ1 ካሬ ሜትር 37 ዋት ይደርሰዋል። ስለዚህ ወለሉ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ቢሆን በቂ ነው። ከዚህም ላይ ተቀምጦ የሚያርፍ አንድ ሰው ራሱ 100 ዋት ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ ቢታሰብ፣ አምስት ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ማታ ማታ 500 ዋቱን ከነዋሪዎቹ ያገኘዋል። እንግዲህ ይህን ሒሳብ የተመለከተ ሰው፣ በነቀምቴ ኮርኒሱ በደንብ ለተሸፈነ ቤት ሁሉንም ክፍል በቧንቧ መሙላት ግድ እንዳልሆነ ሊረዳ ይችላል። የሽማግሌ ወይም የሕመምተኛ መኝታ፣ የመታጠቢያ ክፍልና የእንግዳ ማረፊያ ግን ሊታሰብላቸው ይገባል። በሻምቡ ልዩነቱ ስለሚበዛ ሒሳቡን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

ቧንቧ ለመዘርጋት የቆረጠ ሰው የሥራ ተራ

ሒሳቡን አይቶ የወሰነ ሰው ሥራውን በሚከተለው ተራ ቢያስኬድ ይበጀዋል።

አንደኛ፤ ድንጋዩ ተሞልቶ ከተደለደለ በኋላ የመሬት እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል፤ ጠርዞቹም በሚገባ ይደራረባሉ።

ሁለተኛ፤ ጭነት የሚችል ሙቀት ከላካይ ፎም በወለሉ ላይና በግድግዳው ጥግ ዙሪያ ይደረጋል። ይህ ከቀረ ገንዘብ ተከፍሎበት የሞቀው ውሃ የሚያሞቀው መሬቱን ነው።

ሦስተኛ፤ ቧንቧው በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ቢዘረጋ ለ100 ካሬ ሜትር 500 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። አንዱ ዙር ከ100 ሜትር ከበለጠ ውሃው ስለሚከብድበትና መጨረሻው ስለሚቀዘቅዝ፣ 500ው ሜትር ለ6 ዙር ይከፈላል። እያንዳንዱ ዙር ከማከፋፈያው ተነሥቶ ወደ ማከፋፈያው የሚመለስ አንድ ወጥ ቧንቧ መሆን አለበት። በሲሚንቶ ውስጥ መገጣጠሚያ መቅበር አይገባም።

አራተኛ፤ የሚያልፈው ውሃ መጠን ይሰላል። 1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1.16 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ውሃው በመንገዱ 5 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ለ3,700 ዋት በሰዓት 640 ሊትር ያህል ይበቃል። ይህንም የሚያዞረው ትንሽ ፓምፕ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ፓምፕ ማዘዝ ለድምፅና ለኤሌክትሪክ ሒሳብ ካልሆነ በቀር የሚጨምረው የለም።

አምስተኛ፤ ልስኑ ከመፍሰሱ በፊት ቧንቧው በውሃ ተሞልቶ ከሥራው ግፊት እጥፍ በሚሆን ግፊት ይፈተናል። ግንበኞቹ ሲያፈሱም ግፊቱ እንዳለ ይቆያል። አካፋ የነካው ቧንቧ ያን ጊዜ ወዲያው ይታወቃል፤ በኋላ ግን የሚታወቀው ወለሉ ሲረጥብ ነው። ቧንቧው የተዘረጋበትን መንገድ ከነልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ከቤቱ ካርታ ጋር ማስቀመጥም ብልኅነት ነው።

ስድስተኛ፤ የሲሚንቶ ልስን እንዳይሰነጠቅ ሙቅ ውሃ የሚለቀቅበት ቢያንስ ከ21 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ያውም ቀስ በቀስ ነው። ከላይ የሚነጠፈው ሴራሚክ ወይም እብነ በረድ ቢሆን ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ወፍራም ምንጣፍ ግን ይከለክለዋል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በብዙ ሰው አፍ የሚሰማው መልስ «ከፀሐይ» የሚል ነው። መልሱ በከፊል እውነት ነው። ከላይ የተነገረው ቤት ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሞቅ 37 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። 1 ካሬ ሜትር የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ በጠራ የበጋ ቀን 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢሰጥ፣ 15 ካሬ ሜትር ሰብሳቢ ይፈለጋል ማለት ነው። የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ለማቆየትም ውሃው ከ60 ወደ 35 ዲግሪ እስኪወርድ የሚያገለግል 1,300 ሊትር ያህል የሚይዝ የተሸፈነ ጋን ያስፈልጋል። ይህ ለኅዳርና ለጥር ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ቤቱ ሙቀት ሲፈልግ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ፀሐይን ብቻ መተማመን አይቻልም።

በኤሌክትሪክ በቀጥታ ለማሞቅ በየሌሊቱ 37ቱም ኪሎ ዋት ሰዓት ይከፈልበታል። ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ ወደ ውሃ የሚያስገባው መሣሪያ ግን በአንድ ሦስተኛ፣ ማለት በ12 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሊሠራው ይችላል። አስመጪው እዚህ ላይ የሚጠነቀቅበት ነገር አለ፤ በዕቃ ዝርዝር ላይ የሚጻፈው ኃይል አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ጠረፍ የተለካ ነው። በነቀምቴ ከፍታ አየሩ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚሳሳ፣ በአየር የሚሠራ ማራገቢያና ማቀዝቀዣ ሁሉ ከተጻፈው ያነሰ ይሠራል። ስለዚህ የ2,100 ሜትር ከፍታ ማስተካከያውን ከፋብሪካው በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ወፍራም ወለል ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ንጋት ላይ ብርድ ተሰምቶት ማሞቂያውን የከፈተ ሰው፣ ወለሉ የሚሞቅለት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ መስኮት ከፍቶ የገዛውን ሙቀት ያባርራል። በእንደኛ አገር አየር ወለሉ አመሻሹ ላይ እንዲሞቅና ከንጋት በፊት እንዲዘጋ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስለ ማቀዝቀዝና ስለ ወለል ላብ

በዴዴሳ ቆላ ቤት ወይም ሱቅ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚያስበው ስለ ቅዝቃዜ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተፈጥሮ ሕግ አለ። አየር ሁልጊዜ ከእርሱ ጋር የማይታይ ውሃ ይዟል። ከተወሰነ ልክ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ያን ውሃ ይጥለዋል፤ ይህም ልክ የጤዛ ነጥብ ይባላል። አየሩ 26 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን የጤዛው ነጥብ ከ17 እስከ 18 ዲግሪ ስለሆነ 20 ዲግሪ የሆነ ወለል ደረቅ ሆኖ ይቆያል። አየሩ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን ግን የጤዛው ነጥብ ወደ 24 ዲግሪ ስለሚወጣ ያው ወለል ውሃ ያወጣል፤ ሰውም ያንሸራትታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የባንኮክ ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ሰፊውን ወለሉን በቀዝቃዛ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ሲሆን፣ ወለሉ እንዳያልብ አየሩን ለብቻው የሚያደርቁ መሣሪያዎች አብረው ይሠራሉ። አየር ማድረቂያውን ትቶ ቧንቧውን ብቻ የሚገዛ ሰው የሥራውን እኩሌታ ገዛ ማለት ነው።

ስለዚህ ለቆላው ቤት ከሁሉ የሚቀድመው ሰፊ የጣራ ክፈፍ፣ የተሸፈነ ኮርኒስ፣ በምሥራቅና በምዕራብ የተወሰነ መስኮት፣ ነፋስ ፊት ለፊት የሚያሳልፍ መክፈቻና የዛፍ ጥላ ነው። በመስኮት ገብታ ወለል ላይ የምታርፍ ፀሐይ ቀዝቃዛው ወለል ከሚያነሣው 42 ዋት በእጅጉ የሚበልጥ ሙቀት ልታመጣ ትችላለች። ጥላ ሳይደረግ ቧንቧ መዘርጋት በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው።

ለቡና ላኪዎች የሚሆን ማስታወሻ

የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «የለቀምት ቡና» በሚል ስም የታወቀ ነው። ይህን ስም የሚያበላሸው አንዳንድ ጊዜ የመጋዘን ወለል ነው። በደንብ የደረቀ ቡና የእርጥበቱ መጠን ከ11 እስከ 12 በመቶ ያህል ሲሆን፣ በእርጥብ ወለል ላይ ቢቀመጥ ውሃ ይስባል፤ ቀለሙ ይነጣል፤ ሻጋታና መጥፎ ጣዕምም ያመጣል።

እርጥበቱ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከመሬት በሲሚንቶው ውስጥ የሚወጣው ነው። የዚህ መድኃኒት ለመኖሪያ ቤት የተነገረው ያው ከሲሚንቶው በታች የሚነጠፈው ላስቲክና በውጭ በኩል የሚቆፈረው የውሃ መውረጃ ቦይ ነው። ሁለተኛው የወለል ላብ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘው የሲሚንቶ ወለል ገና ሳይሞቅ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ የሞቀውና እርጥብ የሆነው አየር በተከፈተ በር ሲገባ ወለሉ ላይ ጤዛውን ይጥላል። ብዙ መጋዘን ጠባቂ «መጋዘኑ ይተንፍስ» ብሎ በሩን የሚከፍተው በዚሁ ሰዓት መሆኑ ያሳዝናል። በር የሚከፈተው የውጭው አየር ደረቅ ሲሆን ነው። ይህንም ለማወቅ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አንድ በውስጥ፣ አንድ በውጭ መስቀል ይበቃል። ጆንያውም ሁልጊዜ በእንጨት ርብራብ ላይ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም ሰው የሚያልፍበት ያህል ርቆ መደርደር አለበት።

አንድ ሰው ለቤቱ ወለል ብዙ ሺህ ብር ከማውጣቱ በፊት የመጋዘኑን ወለል በእጁ መዳሰስ ይገባዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። ቤቱን የሚያሠራው ቡናው ነውና።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተጻፈውን ስናጠቃልል፣ የገንዘቡ ተራ እንደሚከተለው እንዲሆን እንመክራለን። የመጀመሪያው ብር ለኮርኒስ መሸፈኛ፣ ሁለተኛው ለወለል ማድረቂያ፣ ሦስተኛው ለጥላና ለመስኮት፣ ከዚያም የሚተርፈው ሒሳብ ለፈረደበት ክፍል ቧንቧ ይዋል። በኋላ ቧንቧ ለመዘርጋት የሚያስብ ቢኖር ደግሞ ላስቲኩንና ፎሙን አሁን ያስነጥፍ፤ ለልስኑና ለቧንቧው የሚሆነውን ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍታም በበሮቹ ሥር ያስቀር።

አስመጪዎች ከቧንቧው አስቀድመው የኮርኒስ መሸፈኛን፣ የወለል ላስቲክንና የእርጥበት መለኪያን ቢያስቡ ፈላጊ እንደማያጡ እናምናለን። ባለ ሱቆችም ለደንበኛቸው ዕቃውን ከመሸጣቸው በፊት «ቤትዎ የት ነው? ኮርኒስዎስ ተሸፍኗል?» ብለው ቢጠይቁ፣ አንድ ሽያጭ ቢያልፋቸውም አንድ ደንበኛ ያተርፋሉ። በወለል የተቀበረ ስሕተት ለብዙ ዓመት ከባለቤቱ ጋር ይኖራል፤ የሸጠውንም ሰው ስም ይዞ ይኖራል።